በመጀመሪያው ቀን ንግግር «እኔ» የት ይደበቃል?

ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የዚህ የውይይት መድረክ ጓደኞቼ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት።

የበዓለ ሲመት ንግግሮችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ለተማሪዎች ማንበቢያ የሚሆን ስብስብ ነው። ሊንከንንና ኬኔዲን ጨርሻለሁ፣ አሁን ማንዴላ ላይ ነኝ። (ቀኖቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

ጨርሻለሁ ብልም ሊንከን አልለቀቀኝም። ማርች 4 ቀን 1865 ለሁለተኛ ጊዜ ሲምል ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ድሉም ደጅ ላይ ደርሷል። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። እሱ ስለ ጦርነቱ ነገ ምን እንደሚሆን የተናገረውን እኔ በመጀመሪያው ረቂቄ «ስለ ነገ ምንም አልተነብይም» ብዬ መለስኩት። ጥሩ አማርኛ ነው፣ አይደል? አጭርና ንጹሕ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ደግሜ ሳየው «እኔ» የሚል ነገር የለበትም። «ምንም ትንበያ አይሰነዘርም» ነው የሚለው። የማይሰነዝረው ማን እንደሆነ አይናገርም።

ገርሞኝ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩት። 700 ቃላት ገደማ ነው። «እኔ» የምትለዋ ቃል የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም እንደዋዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ተወሽቃ።

አስተካክዬ «ትንበያ አይሰነዘርም» ብዬ ለአርታኢዬ ላክሁ። «ደረቅ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል፣ ወደ ድሮው መልሺው» አለችኝ። ልመልሰው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚህ ተነስቼ ነው ወደ ትልቁ ጥያቄ የገባሁት። ሰውየው ተመርጧል። ድምፅ ተቆጥሯል፣ ተሸናፊውም ታውቋል። ሥልጣኑ እጁ ላይ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ይህን ያህል የሚለማመጠው ለምንድን ነው? ዋሽንግተንን ተመልከቱ። በ1789 መራጮቹ አንድም ሳይጎድል ድምፃቸውን ለእሱ ነው የሰጡት። ጦር መርቶ ያሸነፈ ጄኔራል ነው። ንግግሩን የጀመረው ግን በሕይወቴ ከገጠመኝ ሁሉ እንደዚህ ያስጨነቀኝ የለም በማለት ነው፤ ተፈጥሮ ያደለችኝ ችሎታም አነስተኛ ነው ብሎ ይጨምራል። ማን ጠየቀው?

ቅቡልነት የሚሰጠው የምርጫ ሳጥኑ ከሆነ፣ ንግግሩ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ሥራውንስ የሚሠራው በየትኛው ቃል ነው? ይህን ካላወቅሁ የትኛውን ቃል በትርጉም መሃል ጠብቄ ማለፍ እንዳለብኝ አላውቅም።

ረቂቅ ሦስት

አርታኢሽን አታስቀይሚያት፣ ግን አንቺ ነሽ ልክ።

እኔ፣ ረቂቅ ሦስት የምትሉኝ፣ ለአለቆች ንግግር እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ለፕሬዚዳንት አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። ነገሩ ግን ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ኃላፊ በቦርድ ድምፅ፣ በጠባብ ልዩነት ተሾመ። ግማሹ ሠራተኛ የፈለገው ሌላውን ነበር። የመጀመሪያ ቀን ንግግሩን ራሱ ጽፎ «እስቲ አሳምርልኝ» ብሎ ሰጠኝ።

እንግሊዝኛ ቢሆን «እኔ»ን መፈለግ ቀላል ነው፣ ለብቻዋ ቆማ ታገኛታለህ። በአማርኛ ግን የምትኖረው ግሡ ጅራት ላይ ነው። አደርጋለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አረጋግጣለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ «ለሁ»ን ሁሉ አከበብኩ። በሁለት ገጽ ውስጥ 41 አገኘሁ። ገጹ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ለመረጡህ ሰዎች የተጻፈ ነው። እነሱ ግን ድሮም ያንተ ናቸው። ዛሬ የምታናግረው ያልመረጡህን ነው» አልኩት። የዚህ ንግግር ሥራ ያ ይመስለኛል። ሳጥኑ የሚሰጥህ ያሸነፍክበትን ድምፅ ነው። የተሸነፈው ወገን ግን «እሺ፣ ይሁን፣ ይምራን» ማለቱን የሚነግርህ ሳጥን የለም። እሱን የምትለምነው በአፍህ ነው።

ኬኔዲን ጨርሻለሁ ካልሽ አንድ ነገር አይተሻል ማለት ነው። በ1960 በይፋዊው ቆጠራ ኒክሰንን የበለጠው ወደ 69 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ከ120 ሺህ ባነሰ ነው። ዕድሜው 43 ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1961 ሰላምታውን ጨርሶ አፉን የከፈተባት የመጀመሪያዋ ሐሳብ «ዛሬ የምናከብረው የፓርቲ ድል አይደለም፣ የነፃነት በዓል ነው» የምትል ናት። ድሉን ራሱ ነው የካደው! ወዲያው ደግሞ የማልኩት አባቶቻችን የደነገጉትን ያንኑ መሐላ ነው ይላል። ወጣት ነህ ለሚሉት ሙታንን ጠራባቸው። ሙታን ደግሞ ጥሩ ደጋፊዎች ናቸው፣ ሐሳባቸውን አይቀይሩም።

ወደ እኔ አለቃ ስመለስ፣ «ለሁ»ዎቹን ሁሉ ወደ «እናደርጋለን» ቀየርኳቸው። ኩራት ተሰማኝ። ንግግሩ ሲነበብ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «እነማን ናቸው እናደርጋለን የሚሉት?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። «እኛ»ም ያጣላል ለካ። አማርኛ «እኛ፣ አንተን ጨምሮ» እና «እኛ፣ ካንተ በቀር» የሚለውን አይለይም። ሴትዮዋ ሁለተኛውን ነው የሰማችው።

የታሪክ መምህር

ልጆች፣ ጥሩ ነገር አነሣችሁ። እስቲ እኔም የአሮጌ ሰው ነገር ልጨምር።

መጀመሪያ ቃሉን ራሱን እዩት። «በዓለ ሲመት» እንላለን። ሲመት፣ ሹመት፣ ሥዩም፣ ሁሉም «ሾመ» ከሚለው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ሲል ሿሚው ማን እንደሆነ አብሮ ተነግሯል። ክርክር የለም፣ ይግባኝም የለም። ዛሬ ፕሬዚዳንት ሲምልም «ሲመት» ነው የምንለው፤ ሿሚው ግን ከቃሉ ውስጥ ወጥቷል። እና የመጀመሪያው ቀን ንግግር ያንን ባዶ ቦታ የመሙላት ሥራ ነው ብዬ አስባለሁ። «ማን ሾመህ?» ለሚል ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ነው። ዋሽንግተንን «ማን ጠየቀው?» ያልሽው እኮ፣ ተርጓሚዋ፣ ያ ጥያቄ አየሩ ላይ ነበር። ንጉሥ ያባረረ ሕዝብ ፊት ቆሞ ንጉሥ አለመምሰል ነበረበት። «ሥልጣኑን አልፈለግሁትም፣ እናንተ ጠራችሁኝ» ማለት ለእሱ ከዘውድ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ያው ሰው በ1793 ሁለተኛውን ንግግሩን ያደረገው በ135 ቃላት ነው። ከዚያ ያጠረ እስካሁን የለም። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ደግሞ በ1841 8,445 ቃላት ተናግሮ ሕዝቡን ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አቆመው፤ ከ31 ቀን በኋላም ሞተ። ተማሪዎቼ ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ሌላውን ሁሉ ይረሱታል።

አሁን የምወደውን ላምጣ። ጄፈርሰን፣ ማርች 4 ቀን 1801። ምርጫው እጅግ የከፋ ነበር። ጄፈርሰንና አብሮት የተወዳደረው ቡር 73 ለ73 እኩል ወጡ። ምክር ቤቱ የለያቸው በ36ኛው ዙር ድምፅ ነው። የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በዚያ ቀን ሳይነጋ ከከተማው ወጥቶ ሄደ፣ በዓሉ ላይ አልተገኘም። እንግዲህ ጄፈርሰን እዚያ መሃል ቆሞ «ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን፣ ሁላችንም ፌዴራሊስት ነን» አለ። ሪፐብሊካኖች የእሱ ወገን ናቸው፣ ፌዴራሊስቶች የተሸነፉት።

ተርጓሚዋን የሚመለከተው ይህ ነው። ጄፈርሰን በእጁ ሲጽፍ ሁለቱንም ቃላት በትንሹ ፊደል ነው የጀመራቸው። ጋዜጦቹ በትልቁ አተሟቸው። በትንሹ ሲሆን የሐሳብ ስም ነው፤ ሁላችንም ሪፐብሊክን እንወዳለን፣ ሁላችንም ፌዴሬሽንን እንወዳለን እንደማለት። በትልቁ ሲሆን የፓርቲ ስም ይሆንና የእርቅ ቃል ይመስላል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሌለው የእኛ ጽሕፈት ምን ያድርግ? መወሰን አለብሽ። እኔ ብሆን ድርብ ትርጉሙን እንዳለ እተወው ነበር፤ ሰውየው ራሱ የተጠቀመበት ይመስለኛልና። ድምፁ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ በወጉ አልሰሙትም። ያነበቡት ናቸው የሰሙት።

ጠርጣራው

ይቅርታ፣ ሠርጉን ላበላሽ ነው።

«ያልመረጡህን አናግር»፣ «እኔን ደብቅ»፣ «ሙታንን ጥራ»። ደስ ይላል። ግን ሮበርት ሙጋቤም አድርጎታል። በኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነፃ ስትወጣ ለነጮቹ ያላቸው ሲጠቃለል፣ ትናንት እንደ ጠላት ተዋግቻችሁ ከነበረ ዛሬ ወዳጆቼ ናችሁ የሚል ነው። ከዚያ የተሻለ የእርቅ ንግግር አምጡልኝ። ዓለም በጭብጨባ ነው የተቀበለው። ከ1983 ጀምሮ ግን የራሱ ጦር አምስተኛው ብርጌድ ማታቤሌላንድ የተባለው የአገሪቱ ክፍል ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ሰውየው ከወንበሩ የወረደው በ2017 ነው፣ እሱም ወታደር ደጁ ከመጣ በኋላ። ቃሉ ያማረ ነበር። ታዲያ ቅቡልነት ሰጠ ወይስ ጊዜ ገዛ?

ሁለተኛ፣ «እኔ ይደበቃል» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ሩዝቬልት ማርች 4 ቀን 1933 ላይ ያለውን ሁሉም ሰው በቃሉ ይይዛል፣ «ልንፈራው የሚገባን ፍርሃትን ራሱን ብቻ ነው»። መጨረሻው አካባቢ ያለውን ግን ማንም አይጠቅስም። ምክር ቤቱ ቶሎ ካልሠራ ሰፊ ሥልጣን እጠይቃለሁ ነው የሚለው፣ የውጭ ጠላት አገራችንን ቢወር የሚሰጠኝን ያህል። እዚያ ላይ «እኔ» ደረቱን ነፍቶ ነው የቆመው። ባንኮች ተዘግተዋል፣ ሕዝቡ ሥራ የለውም። የተራበ ሰው ትሕትና አይፈልግም፣ የሚያዝ ሰው ነው የሚፈልገው። እና ድህነትን «ጠላት»፣ ሥራውን «ጦርነት» ስትለው ራስህን ጄኔራል አደረግክ ማለት ነው። ዋሽንግተን ጄኔራል ሆኖ ሳለ ሲቪል ለመምሰል ደከመ፣ ይሄኛው ሲቪል ሆኖ ሳለ ጄኔራል መሰለ።

ሦስተኛ፣ የተሸነፈውን ማባበልም ግዴታ አይደለም። ዲሴምበር 30 ቀን 2002፣ ናይሮቢ፣ ኡሁሩ ፓርክ። አዲሱ የኬንያ ፕሬዚዳንት ኪባኪ በመኪና አደጋ ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። 24 ዓመት የገዛው ሞይ እዚያው ተቀምጧል። ኪባኪ በዓመታት ብልሹ አስተዳደርና የብቃት ማነስ ክፉኛ የተጎዳች አገር ነው የምረከበው አለ። በሰውየው ፊት! ሕዝቡ የሚፈልገው ያንን ነበር። ቅቡልነቱን ያገኘው «እኛ ሁላችን» በማለት አይደለም፣ «እኛ እና እሱ» በማለት ነው።

ከጆሮ ወደ አፍ

ጠርጣራው፣ ወንድሜ፣ ሠርጉን አላበላሸህም፣ እንግዳ ነው ያበዛህ።

እኔ የጉባኤ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛም ወደ እንግሊዝኛም። ቃሉ ከጆሮ ወደ አፍ ሲያልፍ ለማሰብ ሁለት ሰከንድ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ። ስለዚህ ንግግር ስሰማ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚይዘው «ማን ለማን» የሚለውን ነው። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

አንድ ንግግር ላምጣ። በዓለ ሲመት ተብሎ አይጠራም፣ ግን የመጀመሪያ ቀን ንግግር ከተባለ ከዚህ በላይ አላውቅም። ጁን 30 ቀን 1960፣ ሌዎፖልድቪል፣ የኮንጎ የነፃነት ቀን። የቤልጂጉ ንጉሥ ቦዱዋን ተነስቶ አገሪቱን የግል ንብረቱ ያደረጋትን የሁለተኛውን ሌዎፖልድ ታላቅነት አወደሰ። ፕሬዚዳንት ካሳቩቡ በትሕትና ተናገረ። ፓትሪስ ሉሙምባ የተመረጠ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፣ መርሐ ግብሩ ላይ ግን ስሙ የለም። ተነሣ።

የመጀመሪያ ቃሉን ስሙ። ወጉ ከሆነ «ግርማዊ ሆይ» ነው የሚባለው፣ ንጉሡ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሉሙምባ ግን «የኮንጎ ወንዶችና ሴቶች፣ ዛሬ ድል ያደረጋችሁ የነፃነት ታጋዮች» ብሎ ጀመረ። ንጉሡን ከጥሪው አስወጣው። «ማን ሾመህ?» ላሉት መምህር መልሱ ከሰላምታው ጀምሮ አለ። ነፃነቱን ንጉሡ አልሰጠንም፣ ታግለን ነው ያገኘነው፤ የሾሙኝም እነዚህ ናቸው እንደማለት ነው።

ከዚያ ስድቡን፣ ግርፋቱን፣ ጠዋት ማታ የደረሰውን ይዘረዝራል። መሃል ላይ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ሁልጊዜ የምትይዘኝ። ጥቁር ሰው «አንተ» ይባል እንደነበር ማን ይረሳል ይላል። ወዳጅ ስለሆነ አልነበረም፤ «እርስዎ» የሚለው የክብር አጠራር ለነጮች ብቻ ተጠብቆ ስለነበር ነው።

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሳስተረጉም እንደ አሳ ነው የምፈራገጠው። አንድ ቃል ብቻ ነው ያላቸው፣ ለንጉሥም ለውሻም። ማብራሪያ መጨመር አለብህ፣ ሲብራራ ደግሞ ይሞታል። በአማርኛ ግን ማብራሪያ የሚባል ነገር አያስፈልግም። «አንተ» ብለው ጠሩን። አለቀ። በአንድ አዳራሽ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ጉንጩ ላይ በጥፊ ይሰማዋል። ሰባት ወር ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ሉሙምባን ገደሉት። ስለዚህ ንግግሩ አላዳነውም፣ ጠርጣራው ልክ ነህ። ግን ያንን ቀን ማን የሕዝቡ ሰው እንደነበር ከስልሳ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ አላየሁም።

ስለ «እኛ» ረቂቅ ሦስት ያነሣው ደግሞ ቀልድ አይደለም። የኢንዶኔዢያ ቋንቋ ሁለት «እኛ» አለው። «ኪታ» ሰሚውን ጨምሮ ነው፣ «ካሚ» ሰሚውን ሳይጨምር። ሱካርኖ ኦገስት 17 ቀን 1945 ያነበበው የነፃነት አዋጅ የሚጀምረው በ«ካሚ» ነው። እኛ፣ የኢንዶኔዢያ ሕዝብ። አየህ፣ የሚናገረው ለውጪው ዓለም ነው፣ ጃፓንና ሆላንድ ይስሙ ነው ነገሩ። «እናንተ የሌላችሁበት እኛ» ብሎ በአንድ ቃል በሩን ዘጋባቸው። አለቃህ ኢንዶኔዢያዊ ቢሆን ኖሮ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር።

ረቂቅ ሦስት

«ካሚ»ን ቀድሜ ባውቃት ኖሮ!

ጠርጣራው፣ አንድ ነገር ብቻ። ሩዝቬልት ያንን ሥልጣን ጠያቂውን «እኔ» ያለው ፍርሃቱን «እኛ» ካለ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ማን ይሰማዋል? በ2015 የናይጄሪያው ቡሃሪ ሲምል ያላት አንዲት መስመር አለች፣ «የሁሉም ነኝ፣ የማንም አይደለሁም»። «እኔ» አለችበት፣ ግን ራሷን ለማስረከብ ነው የመጣችው። እኔ ብጽፋት ኖሮ ጡረታ እወጣ ነበር።

ጠርጣራው

መስመሯ ታምራለች። ከዚያ ስለተከተሉት ስምንት ዓመታት ናይጄሪያውያንን ጠይቅ።

ደግሞ ፍትሐዊ ልሁንና ያሳመነኝን አንድ ልናገር። የቼኮስሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ቫትስላቭ ሃቬል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990። ከተመረጠ ሦስት ቀኑ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ዕለት ከቀደሙት ሰዎች አንድ ነገር በተለያየ መልክ ስትሰሙ ኖራችኋል ይላል፣ አገራችን እንዴት እንደለመለመች፣ ስንት ሚሊዮን ቶን ብረት እንዳመረትን። ከዚያ «እኔንም ለዚህ ቦታ ያጫችሁኝ እንድዋሻችሁ አይመስለኝም» አለና፣ «አገራችን አልለመለመችም» ብሎ ቀጠለ። ይሄ ነው ለእኔ። እዚህ መክፈቻው ላይ ቃል አልገባም፣ ሙታንን አልጠራም። የቀደሙትን ሰዎች ዓረፍተ ነገር አንስቶ አሉታ አደረገበት፣ በቃ። አማርኛ ላይ ከፊት አንዲት «አል»፣ ከኋላ አንዲት «ም» ይበቃሉ።

የታሪክ መምህር

ጠርጣራው ስላመነ ዛሬን ቀን ቁጠሩልኝ።

መሐላውን ሳንነካ እንዳናልፍ። የአሜሪካው መሐላ 35 ቃላት ነው። በ2009 ኦባማ ሲምል ዳኛ ሮበርትስ «በታማኝነት» የምትለዋን ቃል ያለቦታዋ አስቀመጣት። ኦባማ ሰምቶ ቆም አለ፣ ከዚያ እንደተነገረው ደገመው። ሕጉ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ፕሬዚዳንት አድርጎታል፣ ቃሉ ተሳሳተም አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ማታ በዋይት ሐውስ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሕዝብ፣ ያለ ሙዚቃ፣ እንደገና ማለ። ለጥንቃቄ ነው ተባለ። ከሳጥኑ ሌላ ቃሉም ሥራ አለው ወይ ላልሽው፣ ልጄ፣ አንዲት የተዛወረች ቃል ሁለት አዋቂ የሕግ ሰዎችን እንደገና ካስቆመች፣ አለው።

ተርጓሚዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ሁላችሁንም። ያመጣችሁልኝን ይዤ ሁለት ሌሊት ማንዴላ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሜይ 10 ቀን 1994፣ ፕሪቶሪያ። እንደ ኪባኪ ማድረግ ይችል ነበር። ለ27 ዓመት ያሰረው ሥርዓት የመጨረሻው መሪ ደ ክለርክ እዚያው አለ። አላደረገውም፣ በስም ጠርቶ አመሰገነው። እንደ ሙጋቤ ደግሞ «እኔ ይቅር ብያችኋለሁ» የሚል መልክም የለውም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ስለ ዛፍ አወራ። እያንዳንዳችን ከዚህች ውብ አገር አፈር ጋር የተሳሰርነው እንደ ፕሪቶሪያ የጃካራንዳ ዛፎችና እንደ ቡሽቬልድ የሚሞሳ ዛፎች ነው ይላል። ዝም ብዬ ጌጥ መስሎኝ ልሮጥበት ነበር። ከዚያ ጃካራንዳ ከየት እንደመጣ አየሁ። ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ በሰው እጅ የተተከለ። ሚሞሳው ግን የዚያው ምድር እሾሃም ግራር ነው። መጤውንም ነባሩንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አፈር ላይ አቆማቸው። አስቦበት ይሁን አይሁን ምስክር የለኝም፣ እኔ ግን እንዲያ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ «ዛፎች» ብዬ እንዳላሳጥር ወሰንኩ፣ ሁለቱም ስሞች ይቆያሉ።

የመጨረሻው ክፍል ደግሞ እኔን ሳይሆን አማርኛን ነው የሚጠብቀው። ፍትሕ ለሁሉም ይሁን። ሰላም ለሁሉም ይሁን። ሥራ፣ ዳቦ፣ ውሃና ጨው ለሁሉም ይሁን። «ይሁን»ን እዩልኝ። «አደርጋለሁ» አይደለም፣ «እናድርግ»ም አይደለም። የሽማግሌ ምርቃት የሚመረቅበት ግሥ ነው። ረቂቅ ሦስት፣ ያንተ 41 «ለሁ»ዎች እዚህ ቢገቡ ምን ይሆኑ ነበር? «ዳቦ አቀርባለሁ፣ ጨው አቀርባለሁ።» የሱቅ ማስታወቂያ! «ይሁን» ሲል ግን አድማጩ ሳይታወቀው «አሜን» ይላል፣ አሜን ካለ ደግሞ ተስማማ ማለት ነው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለችው ጨው ናት የገረመችኝ። ፍትሕ ብሎ የጀመረ ሰው ጨው ላይ መድረሱ።

ሊንከንን ለአርታኢዬ መልሼ ላክሁላት። «ትንበያ አይሰነዘርም» እንዳለ ነው። ስልክ ደውላ «እሺ፣ ግን ‹አይሰነዘርም›ን አልወደድኩትም» አለች። ተከራከርን። አሁን ያለው «ተስፋው ትልቅ ቢሆንም ስለ ነገ የሚነገር ትንቢት የለም» የሚል ነው። ባለቤት የለውም፣ ግን ማስታወቂያም አይመስልም። ሁለታችንም እንቅልፋችንን ተኛን።

አንድ የቀረችኝ አለች። ኬኔዲ። «አገራችሁ ምን ልታደርግላችሁ እንደምትችል አትጠይቁ» ብዬ በብዙ ቁጥር መልሼዋለሁ፣ አሜሪካውያን ወገኖቼ ብሎ ስለሚጀምር። ሰው ግን በአማርኛ የሚጠቅሰው «አገሬ ምን አደረገችልኝ ሳይሆን እኔ ለአገሬ ምን አደረግሁ» እያለ ነው። ትእዛዙ የራስ ጥያቄ ሆኗል። የሱን ልጠብቅ ወይስ ሰው የለመደውን ልስጥ?

ከጆሮ ወደ አፍ

የሱን ጠብቂ። የተለመደው ሲነበብ ተናጋሪው ይጠፋል፣ ሁሉም ሰው ለራሱ የተናገረው ይመስላል። ኬኔዲ ግን ሌሎችን ነው «አትጠይቁ» ያለው። ማዘዙ ይሰማ፣ የመጀመሪያ ቀኑ ነው፣ መታዘዙን የሚሞክርበት።

«አትጠይቅ» ብለሽ በነጠላ እንዳታደርጊው ብቻ። ሉሙምባን ገና አሁን ነው ያወራነው።

ረቂቅ ሦስት

እኔ ደግሞ «አትጠይቁ»ን ለአለቃዬ ልሞክርለት ነው። ካባረረኝ እዚህ እጽፋለሁ።